እናት በስልክ፣ ልጅ በሰፈር

«አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለመገረም ነው። እንዲህ ካለ ቤት እንዴት እንዲህ ያለ ልጅ ይወጣል ለማለት። እኔ ግን ተረቱ አንድ ጥያቄ የዘለለ ይመስለኛል። ለመሆኑ ዳኛው ማታ ቤት ሲገቡ ከልጃቸው ጋር ምን ይነጋገሩ ነበር? ልጁ ሲያጠፋ ቅጣቱን ማን ይወስናል? የተወሰነውንስ ማን በጎን ይሽረዋል? ተረቱ አባትና ልጅን ለየብቻ አቁሞ ያሳየናል፣ በመሃላቸው ያለውን ግን አያሳየንም። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ያንን መሃል ነው።

ጉዳዬ በባለሙያዎች ቋንቋ «ፀረ ማኅበራዊ ባሕርይ» የሚባለው ነው። ስሙ ሊያሳስት ይችላል። ከሰው የማይቀላቀል ዝምተኛ ልጅ ማለት አይደለም። የሌላውን ሰው መብትና የጋራ ሕግን ደጋግሞ የሚጥስ፣ የሚሰርቅ፣ የሚደባደብ፣ የሚያስፈራራ፣ ከቤትና ከትምህርት ቤት የሚጠፋ አፍላ ወጣት ማለት ነው። እኛ በሰፈር አማርኛ «ዱርዬ» ብለን ባንድ ቃል እንዘጋዋለን። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ ዱላ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ።

በበኩሌ የምለው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ለብቻው ነጥሎ መምከርም ሆነ መቅጣት ሩቅ አያስኬድም፤ ሕክምናው ለቤተሰቡ ነው። የኛ አገር ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ዛሬ ባንድ ጣሪያ ሥር አይኖርም። ግማሹ አዲስ አበባ ወይም ደሴ፣ ግማሹ ሪያድ ወይም ቤይሩት ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ሕክምናው ከፊሉ በአካል፣ ከፊሉ በስልክና በኢንተርኔት መሰጠት አለበት። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ልጁ የሚታወቀውን እንይ። ተሪ ሞፊት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት አጥፊዎችን ለይተዋል። አንደኛው ጥፋቱ በሕፃንነቱ የጀመረና አድጎም የሚቀጥል ነው። እነዚህ ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛው በጉርምስና ጀምሮ ሲበስል የሚተው ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ሐሳቡ የተመሠረተው በኒውዚላንድ ደነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስና በተከታተለ ጥናት ላይ ነው። እንግዲህ በ15 ዓመቱ «ዱርዬ» ብለን የምንጨርሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ ገና ያላለቀ ልጅ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ትምህርቱን ካቋረጠ፣ ከታሰረ ወይም በሱስ ከተያዘ የሚመለስበት በር ይጠባል። ጊዜ ይፈታዋል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አያዋጣም።

ቀጥሎ መሃሉን እንይ። በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ጄራልድ ፓተርሰን የተባሉ ሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰው ቤት እየገቡ ወላጅና ልጅ ሲነጋገሩ በዝርዝር ሲመዘግቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1982 መጽሐፍ አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ያስደነግጣል። እናት ታዛለች። ልጅ ይጮኻል። እናት ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ልጅ ይብሳል፣ በር ይወረውራል። በመጨረሻ እናት ይደክማትና ትተወዋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሁለቱም ያን ሰዓት እፎይ ይላሉ። በዚያች እፎይታ ግን ልጁ አንድ ትምህርት ቀስሟል። ከባሰብኝ ይተዉኛል የሚል። እናትም አንድ ትምህርት ቀስማለች። ከተውኩት ይረጋል የሚል። ይሄ በቀን አሥር ጊዜ፣ በዓመት ስንት ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ልጁ ያንኑ ዘዴ ወደ ክፍሉ፣ ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ገበያው ይዞ ይወጣል።

የማውቀው አንድ ቤት አለ። ማንነታቸው እንዳይለይ ጥቂት ዝርዝር ቀይሬያለሁ። እናት ልጇ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዓረብ አገር ሄደች። ልጁን ያሳደጉት አያቱ ናቸው። «እማዬ» የሚለው እሳቸውን ነው፤ እናቱን በስሟ ይጠራታል። አሁን 15 ዓመቱ ነው። ከክፍል እየጠፋ ፑል ቤት ይውላል፣ ሁለት ጊዜ በሞባይል ነጠቃ ተይዟል፣ አንዴ ሴንጢ ይዞ ተገኝቷል። እናት የምትደውለው ዓርብ ማታ ማዳሟ ስትተኛ ነው። አያት ስልኩን ተቀብለው የሳምንቱን ጥፋት አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ከዚያ ልጁ ይጠራል። እናት ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ «እኔ እዚህ የምሞተው ላንተ ነው» ትላለች። ልጁ ይዘጋባታል። ደግማ ትደውላለች፣ አያነሳም። አሥር ጊዜ ትደውላለች። ሌሊቱን «ልጄ አንድ ነገር ይሆንብኝ» ብላ ሳትተኛ ታድራለች። ሰኞ ላይ ለጫማ የሚሆን ብር ይላካል። አያት ይህን ሲያዩ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ይላሉ። እናትም «አጠገቡ ያሉት እርስዎ ኖት» ትላለች።

እንግዲህ ፓተርሰን ኦሪገን ላይ ያዩትን እኛ በኢሞ እያየነው ነው። ስልክ መዝጋት ጫማ ያስገኛል። ይህን ማንም ተቀምጦ ለልጁ አላስተማረውም። ቤቱ ውስጥ ክፉ ሰውም የለም። እናት የምታደርገው በናፍቆትና በፍርሃት ነው። አያት የሚናገሩት ስለደከማቸው ነው። ልጁም ቢሆን በጩኸት ብቻ የሚያውቃትን እናት መሸሹ አይገርምም።

ያ ቤት ሽማግሌ አልጠራም እንዳይባል ጠርቷል። ሦስት የተከበሩ አባቶች መጡ። ልጁ የአያቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ ተመረቀ። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ምን በደሉ? ምንም። እነሱ የተጠሩት ለዕርቅ ነው፣ ዕርቁንም አውርደዋል። ነገር ግን ዓርብ ማታ የሚሆነውን የነካው የለም። ዋናዋ ሰው እናትየዋም በቦታው አልነበረችም።

የቤተሰብ ሕክምና ከምክር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ አሌክሳንደርና ባልደረቦቻቸው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዳበሩት ነው። ሕክምናው የሚጀምረው የልጁን ጥፋት በመዘርዘር አይደለም። መጀመሪያ የሚሠራው መወነጃጀሉን ማብረድ ላይ ነው። ባለሙያው የእናትን ጩኸት ይሰማና ከሥሩ ያለውን ፍርሃት አውጥቶ ለልጁ ያሳየዋል። የልጁን ዝምታ ይሰማና ከሥሩ ያለውን ሐዘን ለእናት ያሳያታል። ቤተሰቡ እርስ በርሱ መስማት ሲጀምር ነው ወደ ተግባር የሚገባው። ትእዛዝ እንዴት አጭርና ግልጽ ይሆናል፣ ስምምነት እንዴት ይገባል፣ ልጁ ደህና ሲሠራ ማን ያያል፣ ሲያጠፋ ምን ይከተላል የሚለውን ይለማመዱታል። በመጨረሻ ይህን ልምድ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሰፈር ይዘው ይወጣሉ። ሁሉም ባብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ያልቃል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው ጥናታቸው በዚህ ዘዴ ከታከሙት ቤተሰቦች ልጆች ውስጥ እንደገና ጥፋት ፈጽመው የተገኙት 26 በመቶ ሲሆኑ ምንም ካልታከሙት ግን 50 በመቶ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ግን በ1977 የወጣው ክትትል ነው። የታከሙት ልጆች ወንድሞችና እህቶች ፍርድ ቤት የመቅረባቸው መጠን 20 በመቶ ሆኖ ሲገኝ ባልታከሙት ቤቶች 40 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ታናናሾቹን ማንም ለብቻ አላከማቸውም። የተለወጠው መሃሉ ነው፣ የተረፉትም በሱ ነው።

በተቃራኒው አጥፊ የተባሉትን ልጆች አንድ ላይ ሰብስቦ ማስተማር ደህና ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን ቶማስ ዲሽን፣ ጆን መኮርድና ፍራንስዋ ፑለን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ አንዳንድ እንዲህ ያሉ የቡድን ፕሮግራሞች ልጆቹን ጭራሽ እንዳባሱ አሳይተዋል። ምክንያቱ ለኛ ለተማሪዎች ግልጽ ነው። አንዱ የሠራውን ጥፋት ሲያወራ ሌላው ይስቅለታል። ያ ሳቅ ከአስተማሪው ምክር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳልደብቅ ልናገር። የቤተሰብ ሕክምና ጸበል አይደለም። በእንግሊዝ 684 ቤተሰቦች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት ሌላውን ታዋቂ ዘዴ፣ ባለሙያው ቤተሰቡን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያክምበትን፣ ከተለመደው የማኅበራዊ አገልግሎት ጋር አወዳድሮ ነበር። ከ18 ወር በኋላ ከቤታቸው ወጥተው ሌላ ቦታ የተቀመጡት ልጆች ቁጥር በአዲሱ ዘዴ ቀንሶ አልተገኘም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የዩታው ዘዴ ጥሩ ውጤት ያመጣው ዘዴውን በትክክል በሚከተሉ ባለሙያዎች እጅ ብቻ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ዘዴውን በማይከተሉት እጅ የባሰም ነበር። ከነዚህ ሁለት ጥናቶች የምረዳው፣ ስሙ ብቻ እንደማያድን ነው። የሚያድነው ሥራው በትክክል ሲሠራና ያገሩን ሁኔታ ሲያውቅ ነው። የተለመደው አገልግሎት ጠንካራ በሆነበት አገር አዲሱ ዘዴ ብዙም ላይጨምር ይችላል። የተለመደው አገልግሎት ፖሊስ ጣቢያ በሆነበት ሰፈር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ታዲያ ስልኩና ኢንተርኔቱ ከየት መጣ? አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ላይ የተፈተነው ዘዴ ከጥንትም ባለሙያው ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ ይዞ ቀንና ሌሊት በስልክ እንዲገኝ ያስገድዳል። ፊንላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ደግሞ ጠባያቸው ያስቸገረ የአራት ዓመት ሕፃናት ወላጆች በኢንተርኔት ትምህርት እየወሰዱ በየሳምንቱ ባለሙያ ይደውልላቸው ነበር። 464 ቤተሰቦች ተሳትፈው የሠለጠኑት ወላጆች ልጆች ጠባይ ተሻሽሏል። እርግጥ ሕፃን ጎረምሳ አይደለም። ቢሆንም ወላጅ በርቀት ሊሠለጥን እንደሚችል አንድ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የቤተሰብ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች በየአገሩ ወደ ቪዲዮ ዞረዋል።

«እንግዲያውስ ሁሉንም በቪዲዮ እናድርገዋ» የሚል ይኖራል። አልስማማም። ጎረምሳ ካሜራውን ካጠፋው አለቀ። ባንድ ክፍል ለአምስት በሚኖር ቤት ማን ምን ብሎ ሚስጥር ያወራል? ልጁ ከተደበደበ፣ አያት ከፈሩት፣ ቤቱ ውስጥ የሚበላ ከሌለ በስክሪን አይታይም። ጠብ ቢነሣ ደግሞ መሃል የሚገባ ሰው የለም። የኛን አገር ኔትወርክም እናውቀዋለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ሦስት ሳምንት ለገባ ጠብ ብዙ ጊዜ ነው።

«በአካል ብቻ ይሁን» የሚለውም አያስኬድም። በአካል ብቻ ከሆነ እናትየዋ ከሕክምናው ወጣች ማለት ነው። ገንዘቡን የምትልከው እሷ ናት፣ ጫማውን የምትገዛው እሷ ናት፣ ልጁ በልቡ የሚጣላው ከሷ ጋር ነው። እሷን የተወ ሕክምና ሦስቱን ሽማግሌዎች በደመወዝ እንደመጥራት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ቢሆንስ? ባለሙያው መጀመሪያ ቤት ድረስ ሄዶ ከአያትና ከልጁ ጋር ይተዋወቅ። ሰው ቡና ሳይጠጣ፣ ፊት ሳይተያይ ገበናውን አይገልጥም። በዚያው ሳምንት እናትን ለብቻዋ በስልክ ያግኛት። ከልጇ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ብሶቷን የምታወጣበት ቦታ ያስፈልጋታል። ከሪያድና ከኩዌት ጋር ሰዓታችን እንኳን አንድ ነው፣ ቀጠሮው ግን እሷ በሚመቻት ሰዓት፣ ዓርብ ማታም ቢሆን መሆን አለበት። ከዚያ ሁሉም ባንድነት፣ ባለሙያው ከአያትና ከልጁ ጎን ተቀምጦ፣ እናት በስክሪን ይገናኙ። ጩኸት ሲጀምር የሚያበርድ ሰው በአካል ክፍሉ ውስጥ አለ። ነገሩ መያዝ ሲጀምር በመሃል የሚደረጉት ክትትሎች አጭር የስልክ ጥሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ሳምንቱ እንዴት ነበር፣ የተስማማነው ተደረገ ወይ፣ ልጁ ክፍል ሲገባ ማን አመሰገነው? ዱላ፣ ስለት ወይም ራስን የመጉዳት ወሬ ከተሰማ ግን ስልኩ ይቀመጥና በአካል ይኬድ። ኢንተርኔት ቢጠፋ በመደበኛ ስልክ ለመቀጠል አስቀድሞ ስምምነት ይኑር። ልጁም የራሱ ጆሮ ማዳመጫና ማንም የማይሰማበት ጥግ ያግኝ።

የወጪው ነገር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከአቃቂ ኮተቤ ይመላለስ ብንል እርግጥ አይቻልም። የስልኩ አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፤ የመመላለሱን ድካም ቀንሶ በአካል መገኘትን ለሚያስፈልግበት ቀን ያቆይልናል። ማን ይሥራው ለሚለውም ሰው የሌለን አይመስለኝም። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፍቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ቤት ለቤት መሄድን አስለምደውናል። እነሱ ሕክምናውን ይስጡ አልልም፣ የተቸገረውን ቤት ቀድመው ያዩታልና ወደ ባለሙያ ሊመሩ ይችላሉ።

ሕጉም በር አልዘጋም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂ ለይቶ ያያቸዋል። ፍርድ ቤቱ ልጁን ወደ ማረሚያ ከመላክ ይልቅ ኃላፊነት ለሚወስድ ዘመድ ወይም ሌላ ሰው ሰጥቶ በጥበቃ ሥር እንዲያድግ ሊያዝ ይችላል። ግን አያቱ ምን ታጥቀው ነው የሚረከቡት? ልጁን ሰጥቶ የቤተሰብ ሕክምናውን አለመስጠት ያንኑ ጠብ ማኅተም መትቶ መመለስ ነው።

በመጨረሻ ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። ነገ ዜና ክፍል ስንገባ «በነጠቃ የተሰማሩ ወጣቶች በቁጥጥር ሥር ዋሉ» የሚል ዜና እንጽፋለን። አጭር ነው፣ ለመጻፍም አያስቸግርም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ስሙም ፊቱም መውጣት እንደሌለበት እዚሁ ተምረናል። ከዚያ አልፈን ግን ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን ልጅ ማን ያሳድገዋል? እናቱስ የት ናት? ከጣቢያ ሲወጣ የሚመለሰው ወደ ምን ዓይነት ዓርብ ማታ ነው? ይህን የጠየቀ ዘጋቢ ዜናው ከሦስት አንቀጽ ይረዝምበታል። ይርዘምበት።

የትምህርት ክፍላችንም የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሥራ መምህራንን ጋብዞ በዚህ ጉዳይ አንድ ከሰዓት ቢያወያየን ደስ ይለኛል። እስከዚያው ሐሳቤን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፣ አነባለሁ። ቸር እንሰንብት።